አበልጄን የከሰስኩ ጊዜ

በቀዶ ሕክምና ያዋለደኝ ሐኪም ያንኑ ልጅ ክርስትና አንስቶታል። ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ምን ያለሽ ዕድለኛ ነሽ» ነው። ዶክተር አበልጅ ማግኘት ለሰው ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ቢታመም ስልክ መደወል ነው፤ ዘመድ ቢታመም ወረፋ የለም፤ ለሠርግ ቢጠሩት ግቢው በር ላይ መኪና ይቆማል። እኔ ዕድለኛነቴን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም በደንብ አልገባኝም።

የወለድኩት ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ማስታወቂያ ይሆንለታል። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ የሚስቅ የፈረንጅ ሕፃን ፎቶ አለ። ባለቤቴ ግብርና ቢሮ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ ሚስቱ እንደማንም ሰው ተሰልፋ እንድትወልድ አልፈለገም። እኔም አልተከራከርኩም። የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ባልደረቦቼ «የት ወለድሽ?» ሲሉኝ የክሊኒኩን ስም መጥራት እኔንም ያምረኝ ነበር።

ዶክተሩ ሽቶ የሚቀባ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሁሉ በሁለት እጁ የሚጨብጠው ሰው ነው። ከወገቤ በታች አደንዝዘውኝ፣ ደረቴ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ጋርደውብኝ ሁሉንም ነገር እሰማ ነበር። ልጁ አለቀሰ። «ወንድ ነው» አሉኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ከዚያ የዶክተሩ ስልክ ጠራ። ነርሷ ጆሮው ላይ ያዘችለት፤ እሱም እየሰፋኝ ስለሚያስገነባው ቤት ማውራት ጀመረ። ፌሮው ቀጭን ነው፣ ግንበኛው ሊያጭበረብረኝ ፈልጓል፣ ሲሚንቶውን ዝናብ እንዳያገኘው ሸራ አልብሱት አለ። ለሲሚንቶው በጣም ይጠነቀቅ ነበር። ነርሷ ዝግ ባለ ድምፅ «ዶክተር፣ ጎዙን አንዴ እንደገና ብንቆጥረው» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ጎዝ የሚሉት ደም የሚጠርጉበትን ጨርቅ ነው። «ቆጥረናል» አላትና ወደ ፌሮው ተመለሰ። እኔ የማስበው ልጁን መቼ እንደሚያሳቅፉኝ ስለነበር ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ሆዴን ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ የቁስሉ ሕመም መሰለኝ፤ ቀጥሎ ትኩሳት መጣ። ክሊኒኩ ተመልሼ ሄድኩ። ዶክተሩ ሆዴን በሁለት ጣቱ ነካ ነካ አደረገና ነፋስ ነው አለኝ። እንድንቀሳቀስ መከረኝ፤ መምህር ስለሆንኩ ብዙ እንደማስብ፣ ሐሳብ ደግሞ አራስን እንደሚጎዳ ነገረኝ። እንግዲህ የሚያመኝ ማሰቤ ነው ማለት ነው። አማቴ ደግሞ ከአንበሳሜ ወዲያ ካለው አገራቸው ሊያርሱኝ መጥተው ነበርና፣ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሽተው አፍንጫዬ ሥር አደረጉልኝ። ሁለቱም ሕክምናዎች እኩል ሠሩ። አማቴ ግን ቢያንስ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ቁጭ ብለው ያድሩ ነበር።

እየባሰብኝ ሲሄድ ባለቤቴ ባሕር ዳር ወሰደኝ። ልጁን ከአማቴ ጋር ትተነው፣ ጡቴን በጨርቅ አስሬ፣ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጋደምኩ። ሐሙሲት ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። ረዳቱ በሽተኛ መኖሯን እየተነገረው ሰው ላይ ሰው ጫነ፤ አንዱ ገበሬ ዶሮዎቹን እግሬ ሥር አስቀመጠ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጥቂት እንደሄድን ነጠላዋን ቀስ አድርጋ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ያደረገችው በትሕትና ነው፤ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ እንዳላይባት ተጠንቅቃ። እኔ ግን አየኋት፤ የሸተትኳት እኔ ነበርኩ። በዚያ ቀን የተሰማኝን ኀፍረት የሚያህል ኀፍረት በሕይወቴ አላውቅም፤ ኀፍረቱ የእኔ እንዳልነበረ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ባሕር ዳር በገባሁ በማግስቱ ሆዴን ከፈቱት። ለባለቤቴ የነገሩት ኢንፌክሽን እንደነበረና በሕይወት መትረፌ ተአምር እንደሆነ ብቻ ነው። እሱም ተመስገን ብሎ፣ ሥራ አለብኝ ልጁንም ልይ ብሎ ተመለሰ። እኔ ሳምንታት ተኛሁ። ሊያስወጡኝ ሲሉ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገልኝ ወጣት ሐኪም መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሆዴ ውስጥ «ባዕድ ነገር» መገኘቱን ነገረኝ። ባዕድ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ጨርቅ ነው አለ። ጨርቁ አካባቢውን ሁሉ አበላሽቶት ስለነበር ማሕፀኔን ማትረፍ እንዳልተቻለ ጨመረልኝ። ከዚያ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ «ለዶክተርሽም በዚያኑ ዕለት ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ በጣም አዝኗል» አለኝ።

ከእኔ ሆድ ስለወጣው ነገር ከእኔ በፊት የሰማው እሱ ነበር። እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ እንዲህ ይተሳሰባሉ። ወጣቱ ሐኪም መጥፎ ሰው አልነበረም፤ እጁም ጎበዝ ነው፤ ያተረፈኝ እሱ ነው። ግን መጀመሪያ ስልክ ያነሳው ለማን እንደሆነ አስቡት። እኔ የማሕፀኔን ነገር የምሰማው ቁስሌ ደርቆ፣ አልጋው ለሌላ ሰው ሲፈለግ ነው።

ባለቤቴ ሊወስደኝ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። ልጁ አያቱ ጋር ገጠር ነው፣ በዚያው በኩል እንሄዳለን አለኝ፤ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፣ እናቴ ትነግርሻለች ብሎም አፉን ገጥሞ ሳቀ። እኔም የያዝኩትን ወሬ ልጄን አቅፌ ልናገረው ብዬ ዝም አልኩ። መንገዱን ሁሉ ሁለታችንም የየራሳችንን ይዘን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን።

ቤቱ ስንደርስ ድግስ እንደነበረበት ያስታውቃል። ዳሱ ገና አልፈረሰም፤ ግቢው ሣር ነው። አማቴ ልጁን ይዘው ወጡ፤ አንገቱ ላይ አዲስ ማተብ አለ። አርባ ቀኑ እኔ ባሕር ዳር ተኝቼ ሳለሁ ሞልቶ ነበር፤ ክርስትናው መቼም አይታለፍም፣ እሱን አልቀየምኩም። ማን እንዳነሳው ጠየቅኩ።

አማቴ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ነው የከረሙት። ዶክተራችን ነው አሉኝ። ራሱ ደውሎ፣ ይህን ልጅ እኔ ክርስትና ላንሳው ብሎ ለምኖ፣ በራሱ መኪና መጣ። መኪናዋ ወንዙ ዳር ጭቃ ገብታ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ገፍቶ አወጣት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጁን ከውሃው ሲቀበል እንባው መጣ። እህል ሲቀርብለትም እንደ ሰው በላ፤ ምንም አልተጸየፈ። ጎረቤት ሁሉ ቀንቶብናል አሉ።

«ሆዴ ውስጥ ጨርቅ ረስቶ ነበር» አልኳቸው። «ከእንግዲህ አልወልድም።»

ባለቤቴ መሬት መሬት አየ። አማቴ ልጁን እንዳቀፉ፣ የሚሉትን ሁሉ ከልባቸው የሚሉ ሴት ናቸውና፣ እንዲህ አሉኝ፦

«እንግዲያማ አጥፍቶ ሊክስ ነው የመጣ። አበልጅ ሁኗል፤ ከዚህ በላይ ምን ይካስ?»

አማቴን እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ፤ ሰውየውን ግን የዚያን ቀን ተረዳሁት። ስለ ሕክምና የሚያውቀውን አላውቅም፤ ስለ እኛ ግን በደንብ ያውቃል። የእኛ ሰው በመሬት ከወንድሙ ጋር ይካሰሳል፣ በውሃ ከጎረቤቱ ጋር ይፈናከታል፤ አበልጁን ግን ፍርድ ቤት አያቆምም። አበልጅ በሥጋ ሳይሆን በጥምቀት የመጣ ዘመድ ነው፤ እሱን መክሰስ ልጅን ከጥምቀቱ እንደመለየት ይቆጠራል። ሰውየው ስልኩ ተደውሎለት እስከ ክርስትናው ቀን ባሉት ቀናት ውስጥ አስቦ የደረሰበት መፍትሔ ይህ ነበር። እኔን ሊጠይቅ ባሕር ዳር አልመጣም፤ ጭቃውን ጥሶ ገጠር ወረደ እንጂ። ለሆዴ ያላዋለውን ጥንቃቄ ለዚህ አዋለው።

ካሳ እፈልጋለሁ ብዬ ስነሳ መጀመሪያ የመጣው ሽማግሌ ነው። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የንስሐ አባቴ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርና ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሐጂ። ዶክተሩም አብሯቸው መጣ፤ ነጠላውን እንደ ለቀስተኛ አጣፍቶ፣ ከበሩ ጀምሮ አጎንብሶ ገባ። ማጎንበስ ይችልበታል። ሽማግሌዎቹ ቃሉን እንዲሰጥ ሲጋብዙት «ያጠፋሁት ካለ ይቅር በሉኝ» አለ።

ካለ። ርእሰ መምህሩ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ባለቤቴም እንደ እሳቸው ነቀነቀ። እኔ ግን «ካለ» የሚለውን እንዲያነሳው ጠየቅኩት። ሆዴ ውስጥ ጨርቅ መተዉን በእነዚህ ሰዎች ፊት ይናገር፣ ለደረሰብኝም ጉዳት ይካሰኝ፤ የምፈልገው ይኸው ነው፣ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ቃል አይወጣኝም አልኩ። እሱ እኔን አላየም፤ ሽማግሌዎቹን እያየ ባለሙያ መሆኑን፣ ሙያው የራሱ ሥርዓት እንዳለው፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአንድ ሐኪም አፍ በቀላሉ እንደማይወጣ አስረዳ። ጠበቃ አማክሮ እንደመጣ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ለክርስትና ልጁ አንዲት ጊደር መስጠቱን ተናገረ። ጊደሯ አማቴ ዘንድ ታስራለች አለ።

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። ለክርስትና ልጅ ጊደር መስጠት የድሮ ሰው ወግ ነው፤ የከተማ ሐኪም እንዲህ ወግ አዋቂ ይሆናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

«ጊደሯስ ትወልድ ይሆናል» አልኩ።

የንስሐ አባቴ ሳል ሳል አደረጋቸው። ርእሰ መምህሩ ነገሩ ገና ትኩስ ነው፣ ይብረድ፣ ከፍልሰታ በኋላ እንገናኝ አሉ። ከፍልሰታ በኋላ አዝመራው ይግባ ተባለ። አዝመራው ገባ፤ ከጥምቀት በኋላ ተባለ። ጥምቀት አለፈና ሁዳዴ መጣ፤ በጾም እንዴት ተደርጎ ይከራከሯል። መንገድ ሲዘጋም ሌላ ቀጠሮ ነው። በየቀጠሮው ዶክተሩ ያጎነብሳል፤ ባለቤቴ ይቅር በይው በሚል ዓይን ያየኛል፤ ልጁ ቆሞ መሄድ ጀመረ። ሰዎች ስለ ሽምግልና ሲናገሩ አገር ያቆመ ነገር ነው ይላሉ። የእኔን ጉዳይ በእርግጥ አቁሞታል።

ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች አንዱን ብቻ አልንቅም። እንዲህ ሆኖ ሁለተኛው ፋሲካ አልፎ ሌላ ቀጠሮ በተሰጠ ቀን ሐጂው ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀሩና በራፍ ላይ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ እኛ ቀጠሮ በጨመርን ቁጥር የሚጠቀመው እሱ ነው፤ አንቺ አይዶለሽም» አሉኝ። «ሕግ አዋቂ ጠይቂ። እኔ ከዛሬ ወዲያ በዚህ ነገር አልቀመጥም።»

እውነትም ተመልሰው አልተቀመጡም። እኔም በማግስቱ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ቢሮው ሞባይል ከሚጠገንበት ሱቅ ፎቅ ላይ ነው፤ ታሪኬን ሳልጨርስ ሕፃኑ በሕይወት አለ ወይ አለኝ። አለ አልኩት። እንደማዘን አለና ሞቶ ቢሆን ኖሮ ክሱ ቀላል ይሆን እንደነበር ነገረኝ። በዚያች ቅጽበት ተነስቼ ልወጣ ነበር፤ ያስቀመጠኝ ቀጥሎ የተናገረው ነው። እንዲህ ያለ የካሳ ክስ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ ጥፋተኛው ቢያምን እንኳ ፍርድ ቤት አይሰማሽም አለኝ። የቀረኝ ጊዜ ጥቂት ነበር። ዶክተሩ ያን ሁሉ ጊዜ ያጎነበሰው ለእኔ ሳይሆን ለቀን መቁጠሪያው ነበር።

ለክሱ የጤና ባለሙያዎችን ሥነ ምግባር የሚመለከት ኮሚቴ አስተያየት ያስፈልጋል ተባለ። ባሕር ዳር ሄጄ ፊታቸው ቀረብኩ። ሁሉም ሐኪሞች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ፊት የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። ከወለድኩ በኋላ ከባድ ዕቃ አንስቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከወለድኩ በኋላ የሄድኩበት ሌላ ቦታ እንዳለም ጠየቁኝ፤ ጨርቁን መንገድ ላይ ዋጥ አድርጌው ሊሆን ይችላል ብለው ይሆናል። ያም ሆኖ፣ ያተረፈኝ ወጣት ሐኪም ተጠርቶ መጣና ያወጣው ነገር ጎዝ መሆኑን፣ በማዋለጃው ቀዶ ሕክምና ጊዜ ካልሆነ በቀር እዚያ ሊገኝ እንደማይችል ተናገረ። ሲናገር ጠረጴዛውን እያየ ነበር፤ ግን ተናገረው። ኮሚቴው ከብዙ ወራት በኋላ ቸልተኝነት መኖሩን አመነ፤ ዶክተሩንም በጽሑፍ አስጠነቀቀው። ተማሪዬ ሲኮርጅ ብይዘው ከዚያ የበለጠ እቀጣዋለሁ።

ክሱን ግን ኮሚቴውን ሳልጠብቅ ይርጋው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከፍቼዋለሁ። የከፈትኩ ዕለት ማታ ባለቤቴ በልጁ የክርስትና አባት ላይ ቆሞ እንደማይመሰክር ነግሮኝ ልብሱን ይዞ ወደ እናቱ ሄደ። በዚያው ሳምንት የንስሐ አባቴ አስጠሩኝ። አበልጅን መክሰስ ኀጢአት መሆኑን፣ የልጁን ጥምቀት ማቃለል መሆኑን እርጋታ ባለው ቃል አስረዱኝ። እኔም ቀኖናዬን ይስጡኝ አልኳቸው። ጾሙንም ስግደቱንም እፈጽማለሁ፤ ስሰግድ ቁስሌ ቢስበኝም እችለዋለሁ፤ ክሱንም እቀጥላለሁ አልኩ።

«ቀኖና ለተጸጸተ ነው» አሉኝ።

«አልተጸጸትሁም አባቴ።»

«እንግዲያ አልሰጥሽም። ነገሩ እስኪያልቅ ድረስም ወደ ቁርባን አትቅረቢ።»

እሳቸውን እንኳ እንደ ሌሎቹ ልንቃቸው አልቻልኩም፤ የሚያምኑትን ነው የተናገሩት። ግን ሰውየው ልጄን ያነሳው ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቁትም። እሱ በየበዓሉ ነጭ ለብሶ ከፊት ይቆማል፤ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ዛፉ ሥር ቆሜ አስቀድሳለሁ። የሚያውቁኝ ሴቶች ሰላም ሲሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ይህ ጎድቶኛል፤ አልጎዳኝም ብል ውሸት ነው።

ፍርድ ቤት የዶክተሩ ጠበቃ መጀመሪያ ያቀረበው መቃወሚያ ግራ ቀኙ ታርቀዋል የሚል ነበር። ማስረጃው የክርስትናው ፎቶዎች ናቸው። ዶክተሩ ልጁን ታቅፏል፤ አማቴ ነጭ ለብሰው አጠገቡ አሉ፤ ባለቤቴ ጧፍ ይዞ ይስቃል። ጊደሯም ተጠቀሰች። ጠበቃው ይህ በአካባቢው ባህል ሙሉ ዕርቅ ነው፣ በዕርቅ ያለቀ ጉዳይ ደግሞ አይከሰስም ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተከራከረ። አዲስ ኮት ለብሶ ስለ ባህላችን ሲያስተምረን ማየት ራሱን የቻለ ትዕይንት ነበር።

ዳኛዋ ባለቤቴን ጠርተው እንዲያስረዳ አዘዙ። ከአንበሳሜ መጣ፤ ከስቶ ነበር። ዶክተሩ ከተቀመጠበት ሆኖ እንደ አበልጅ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ሰላም አለው፤ ባለቤቴም ልማድ ሆኖበት መልሶ ሰላም አለ። እዚህ ላይ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ዳኛዋ ስለ ልጅህ እናት ጉዳት ከዚህ ሰው ጋር ታርቃችኋል ወይ ብለው ጠየቁት።

«እሷ አልነበረችም» አለ። «እኔም ስለ ጨርቁ አላውቅም ነበር። እሱ ያውቅ ነበር።»

ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ አስፈላጊም አልነበረም። መቃወሚያው ውድቅ ሆነ። ባለቤቴ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ ደፍሮ የተናገረው እውነት ያ ብቻ ስለሆነ አላመሰገንኩትም። ምሽቱን ልብሱን ይዞ ሲመለስ ግን በሩን ከፈትኩለት።

ከዚያ በኋላ ስለ ካሳው መጠን ክርክር ሆነ። የዶክተሩ ጠበቃ ደመወዟ አልተቋረጠባትም፣ ሥራዋ ላይ ናት፣ ልጅ ደግሞ አላት፤ ስለዚህ የጎደለባት ነገር ምንድን ነው አለ። ይህን ሲናገር ዶክተሩ ጣቶቹን አጣምሮ አጠገቡ ተቀምጧል። ስለ ሰው አካል የተማረ ሰው ነው፤ የጎደለብኝን ያውቃል፤ ጠበቃውን ግን አላረመውም። በመጨረሻ ተፈርዶልኛል። ፍርዱ ጥፋቱን በግልጽ አስቀመጠው፤ ካሳውም ተከፈለኝ። ስንት ነው የሚሉኝ ዘመዶች ብዙ ናቸው፤ እዚህ አልነግራቸውም። እሱም አሁንም ያክማል፤ ሰው አሁንም በሁለት እጁ ይጨብጠዋል፤ ቤቱም አልቆ ገብቶበታል።

ከዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ ደጋግሜ የማስበው ፍርዱ የተነበበበትን አይደለም፤ ቃሌን የሰጠሁበትን ቀን ነው። ከፍርዱ በፊት ነው፤ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የአበልጅ ክስ ሰው አይቶ አያውቅምና ባለጉዳይ ያልሆነውም ገብቶ ግድግዳ ተደግፎ ይሰማል፤ የማስተምራቸው ልጆች ወላጆች አሉ፤ የንስሐ አባቴም በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ፊት ለፊቴ ነው። ከማልሁ በኋላ ዳኛዋ ሁሉንም እንደሚጠይቁት ጠየቁኝ፦

«ከተከሳሹ ጋር ጠብ ወይም ዝምድና አለሽ?»

«ሁለቱም አለኝ» አልሁ።

«ዝምድናው ምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ የምመልሰው እሱን እያየሁ እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ እሱ ግን አጎንብሷል።

«አበልጄ ነው» አልሁ። «ያለኝ አንድ አበልጅ ነው። ሌላ እንዳይኖረኝ ያደረገኝም እሱ ነው።»

ጠበቃው ሊቃወም ከወንበሩ ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ዳኛዋ ቃሉ እንደተባለው ይጻፍ አሉ። ጸሐፊዋ ጽሕፈቷ ላይ አንገቷን ደፍታ ቆየችና የመጨረሻውን እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት።